ሐይቅ ዳር ለሠራነው ቤት የአየር ማናፈሻ ማሽን ያስፈልገዋልን?

ጥያቄ — ከአንዲት የባሕር ዳር ነዋሪ

የተከበራችሁ አባላት፣

ከጣና ዳር በእግር አሥር ደቂቃ በማይሞላ ሰፈር ባለፈው ዓመት ቤት ሠርተን ገብተናል። ቤቱ የብሎኬት ሲሆን ስፋቱ 100 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ሦስት መኝታ ክፍሎች አሉት፤ ኮርኒሱ ቺፑድ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቶቹም ተንሸራታች አልሙኒየም ናቸው። ከዚያ በፊት ዘጠኝ ዓመት በኪራይ የኖርንበት የጭቃ ቤት በጣሪያውና በግድግዳው መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ስለነበረው ሁልጊዜ አማርርበት ነበር፤ ይሁን እንጂ እዚያ ቤት ሻጋታ የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም። እዚህ ግን ገና በመጀመሪያው ክረምት ከመኝታ ቤታችን ቁም ሳጥን ጀርባ ያለው ግድግዳ ጥቁር በጥቁር ሆነ። ባለቤቴ ለፋሲካ ገዝቶ አልጋ ሥር ያስቀመጠው የቆዳ ጫማም ሰሞኑን ሲወጣ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነጭ ሻጋታ ለብሶ ተገኘ።

ከዕቃው ይልቅ የሚያሳስበኝ የቤተሰቡ ጤና ነው። ጠዋት ስንነሳ የመስኮቱ መስታወት ውኃ አቅርሮ እናገኘዋለን፤ ራሳችንም ይከብደናል። አስም ያለበት የስድስት ዓመት ልጄ ከሰኔ ወዲህ ሌሊት ሌሊት ይስላል። ሁለት ወር የሞላት ጨቅላም አለችን። እናቴ ልታርሰኝ ከዳንግላ መጥታ አብራን ያለች ሲሆን፣ «አራስና ጨቅላ ንፋስ አይወዱም» ብላ መስኮት እንዳይከፈት ትከለክላለች፤ ቡናውም በከሰል፣ ከነዕጣኑ፣ ሳሎን ውስጥ ይፈላል።

ካናዳ የሚኖረው ወንድሜ የወጪውን አየር ሙቀት እየቀማ ለገቢው የሚሰጥ ማሽን አስገቡ፣ ገንዘቡንም እኔ እልካለሁ ይላል። ኤሲ የሚሸጥ ሰው ደግሞ ኤሲ አስገጥመን መስኮቱን ጠርቅመን ብንዘጋ አየሩን እንደሚያጠራልን ነግሮናል። የወንድሜን ገንዘብ በማይሆን ነገር ላይ ከማዋሌ በፊት ከእነዚህ ሰዎች ትክክሉ የትኛው እንደሆነ የምታውቁ ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

የመጀመሪያ መልስ — ከአንድ የሕንፃ መሐንዲስ

እህታችን፣ እንኳን ማርያም ማረችዎ። ወንድምዎ ለሚኖርበት አገር እውነቱን ተናግሯል፤ ለባሕር ዳር ግን ምክሩ አይሠራም። ካናዳ ውስጥ በክረምት የውጭው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪና ከዚያም በላይ ስለሚወርድ፣ መስኮት መክፈት በብዙ ገንዘብ የሞቀን አየር ወደ ውጭ መድፋት ማለት ነው። ስለዚህ ቤቶቹን አጥብቀው ዘግተው መሥራት ጀመሩ፤ ከዘጉ በኋላ ደግሞ አየሩ ስለሚታፈን ንጹሕ አየር በማሽን ማስገባት ግድ ሆነ። በ1977 እ.ኤ.አ. በሳስካቸዋን ክፍለ ሀገር በሬጃይና ከተማ ለማሳያ የተሠራው ቤት በዚህ ረገድ ከሚጠቀሱት ፈር ቀዳጆች አንዱ ነው፤ ወጪው አየር ገቢውን ሳይቀላቀለው በጎኑ እያለፈ እንዲያሞቀው የሚያደርግ መሣሪያ ተገጥሞለት ነበር። በእኛ ከተማ የውጭው አየር በነሐሴም ቢሆን ከቤት ውስጡ የሚለየው በጥቂት ዲግሪ በመሆኑ፣ ያ ማሽን ቢገጠም የሚያድነው ሙቀት የለም። ማጣሪያው በየጊዜው መጽዳትና መቀየር ይፈልጋል፤ መብራት በጠፋ ቁጥርም ይቆማል፤ የመብራታችንን ነገር ደግሞ እርስዎም ያውቁታል።

የኤሲውን ሻጭ ግን ፈጽመው አይስሙት። በየግድግዳው የምናየው የተለመደው ኤሲ የክፍሉን አየር ስቦ፣ አቀዝቅዞ፣ ያንኑ አየር ይመልሰዋል፤ ከውጭ አንዲት ሊትር ንጹሕ አየር አያስገባም። እየሠራ ጥቂት እርጥበት በቱቦው ያንጠባጥባል፣ ወንፊቱም ትልልቁን አቧራ ይይዛል፤ የተነፈሳችሁት አየርና የከሰሉ ጋዝ ግን እዚያው ይዞራሉ። ኤሲ ማቀዝቀዣ ነው፤ አየር ማናፈስ ሌላ ሥራ ነው።

የመኝታ ቤታችሁን ነገር በቁጥር ላሳይዎ። ክፍሉ 3 በ4 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ80 ነው ብንል ወደ 34 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። የተኛ አዋቂ በሰዓት 13 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል፤ ሁለት አዋቂና አንድ ጨቅላ ሲደመሩ ወደ 28 ሊትር ይሆናል። የውጭው አየር ከአንድ ሚሊዮን ክፍሉ 420 ገደማው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ ክፍሉ ጥርቅም ብሎ ከተዘጋ በየሰዓቱ 800 ያህል ይጨመርበታል ማለት ነው። በሩና መስኮቱ በየስንጥቁ ጥቂት ስለሚያስተነፍሱ እስከ ንጋት እንዲሁ እየወጣ አይሄድም፤ ሆኖም ከ2,000 እስከ 3,000 ቢደርስ አይገርመኝም። ጀርመናዊው ሊቅ ፔተንኮፈር በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ለመኖሪያ ክፍል ያስቀመጠው ልክ 1,000 ነበር። ይህ መጠን መርዝ ሆኖ አይደለም፤ አየሩ አለመለወጡን የሚናገር ምስክር ስለሆነ ነው። በዚያው አየር ውስጥ ከሳንባችሁ የወጣው እንፋሎት አለ፤ ጠዋት መስታወቱ ላይ የሚያዩት ውኃ እርሱ ነው።

አራት ሰው ያለበት ቤት በመተንፈስ፣ በማብሰል፣ በመታጠብና ልብስ በማድረቅ በቀን 10 ሊትር ያህል ውኃ ወደ አየሩ ይለቃል። የጭቃው ቤት ይህን ሁሉ በዚያ ባማረሩበት ክፍተት ያስወጣልዎ ነበር። ክፍተቱ የወባ ትንኝም ስለሚያስገባ ይመለስ አልልም፤ ሥራውን ግን የተካው የለም። ሌላም ነገር ልጨምር፤ አዲስ የብሎኬት ቤት በግንባታው ጊዜ በሲሚንቶው፣ በልስኑና በወለሉ የጠጣውን ውኃ ተፍቶ የሚጨርሰው ከዓመት እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ክረምት ከሁሉም የከፋው ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት በራሱ ይሻላል።

«በዝናብ ወቅት መስኮት ብከፍት እርጥበት አይገባብኝም ወይ?» ቢሉ ተገቢ ጥያቄ ነው። ውጭው 18 ዲግሪ ሆኖ አንጻራዊ እርጥበቱ (አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው እንፋሎት የያዘው ድርሻ) 85 በመቶ ቢሆን፣ ያው አየር 23 ዲግሪ ወዳለው ቤትዎ ገብቶ ሲሞቅ እርጥበቱ ወደ 62 በመቶ ይወርዳል። ሻጋታ የሚበቅለው በግድግዳው ገጽ ላይ 80 በመቶ ገደማ ሲደርስና ሲቆይ በመሆኑ፣ ዝናብ ጋብ ባለ ቁጥር መክፈቱ ያደርቃል እንጂ አያረጥብም። ነገር ግን አሸንዳው ወደ ግድግዳው የሚያፈስ ወይም ውኃው ከመሠረቱ ወደ ላይ የሚሳብ ከሆነ የፈለገውን ያህል ንፋስ ቢገባ አይረዳም፤ እርሱን አስቀድመው ያስመርምሩ። ቁም ሳጥኑንም ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል አርቁት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አየር በአንድ ቀዳዳ ብቻ አይመላለስም፤ የሚገባበትና የሚወጣበት ይፈልጋል። ቀን ላይ የብሱ ከውኃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ፣ ማለትም ከሰሜን ወደ ከተማው ይነፍሳል፤ ሌሊት ደግሞ ደከም ብሎ ከየብስ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። በሰሜንና በደቡብ በኩል ያሉት መስኮቶች በአንድ ጊዜ ከተከፈቱ ነፋሱ ራሱ በነጻ ይሠራላችኋል። ተንሸራታች መስኮት ከስፋቱ ግማሹን ብቻ እንደሚከፍት፣ የመኝታ ቤቱ በር ከተዘጋም መስኮቱ ብቻውን ብዙ እንደማይጠቅም አይዘንጉ። በበሩ ሥር ሁለት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ማስቆረጥ ወይም ከበሩ በላይ አየር ማሳለፊያ ማስከፈት ለአናጺ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ቤትዎን በዕጣን ይፈትኑት። ልጆቹን በረንዳ አስወጥተው በማጨሻ ላይ ጥቂት ዕጣን ያጪሱ፤ በየክፍሉ እየዞሩ፣ መጀመሪያ ሁሉ ተዘግቶ፣ ቀጥሎ እየተከፈተ፣ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ይመልከቱ። የሚያዩትን ቢጽፉልኝ ከፕላን ይልቅ እርሱ ይነግረኛል።

ሁለተኛ መልስ — ከአንዲት የጤና ባለሙያ

መሐንዲሱ ያሉትን አከብራለሁ፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ግን ትንሽ እለያለሁ። እኔ ብሆን ከሻጋታው በፊት ከሰሉን አስወጣለሁ። ጠዋት ራስ የሚከብዳችሁ በተነፈሳችሁት አየር ሊሆን ይችላል፤ ምሽት ላይ ቡና የፈላበት ምድጃ ፍሙ ሳይጠፋ ሳሎን የሚያድር ከሆነ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድም ሊሆን ስለሚችል በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። «ከሰሉ ፍም ሆኗል፤ ጭስ የለውም» የሚባለው መተማመን ብዙ ሰው ገድሏል። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ፣ ሰውነት አየር እየተነፈሰ አየር ያጣል። ራስ ምታቱ ከማቅለሽለሽና ከማዞር ጋር ከመጣ፣ ከቤት ሲወጡም የሚተው ከሆነ፣ ሁላችሁም ወጥታችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ለመብራት መጥፋት የተገዛ ጄኔሬተር ካላችሁም በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ሥር አይቀመጥ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ቤት ውስጥ ከሚነድ ነዳጅ በሚወጣ ጭስ ምክንያት ሞተዋል፤ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በሳንባ ምች የመያዙን አደጋም ይህ ጭስ እጥፍ ገደማ ያደርሰዋል። ድርጅቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለደቃቁ ብናኝ ያስቀመጠው ልክ በዓመት አማካይ በሜትር ኩብ 5 ማይክሮ ግራም፣ በ24 ሰዓት ደግሞ 15 ነው። አንድ የከሰል ቡና በተዘጋ ሳሎን ውስጥ ይህን ብዙ ጊዜ አጥፎ ያልፈዋል። ዕጣንም ያው ብናኝ ነው፤ ይህን ስል እናትዎ እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ። አስም ላለበት ልጅ ጭሱ፣ ሻጋታውና በእርጥብ ቤት የሚራባው የአቧራ ተባይ ሦስቱም ሳልን ይቀሰቅሳሉ።

እናትዎ ስለ ንፋስ የሚሉት ከእውነት የራቀ እንዳይመስልዎ። ጨቅላ ሕፃን የሰውነቱን ሙቀት ቶሎ ያጣል፤ ስለዚህ ፍርሃታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን የሳንባ ምች የሚያመጡት ተዋህስያን ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ ብዙ ጠያቂ ገብቶ በሚወጣበት የታፈነ የአራስ ክፍል ውስጥ ይመቻቸዋል። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ በሚገኙ ሆስፒታሎች ተደርጎ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ በሮችና መስኮቶች ወለል ብለው ሲከፈቱ የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል እንደሚለወጥ አሳይቷል፤ ለሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎች በማሽን አየር በሚለወጥላቸው ክፍሎች የሚመከረው 12 ጊዜ ነው። በተለይ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፋፊ የሆኑት የድሮ ሕንፃዎች ከአዲሶቹ በልጠው ተገኝተዋል። ስለዚህ ልጅቷን ያልብሷት፤ አልጋዋን ከመስኮቱና ከበሩ መስመር ውጭ ያድርጉት፤ መስኮቱን ግን ይክፈቱት። ለእናትዎ «ንፋስ ይግባ» ከማለት «ጭሱ ይውጣ» ቢሏቸው ይቀበሉዎታል ብዬ አስባለሁ፤ የኔዋን እናት ያሳመንኩት በዚህ ነው።

መስከረም እየደረሰ ነውና የወባውን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። በእኛ አካባቢ ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ሲሆን ትንኟም የምትናከሰው ከመሸ እስከ ንጋት ነው። የሚከፈት መስኮት ሁሉ ወንፊት ይደረግለት፤ አጎበሩም ይቀጥል። በአርባ ምንጭ አካባቢ ተጠንቶ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ፣ በርና መስኮታቸው ወንፊት በተደረገላቸው ቤቶች ውስጥ የወባ ትንኝ ቁጥር 40 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳይቷል።

ሦስተኛ መልስ — ከዘንዘልማ በኩል የሚኖር

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ የደረሰብኝን ብቻ ልንገርዎ። ቤቴን ስሠራ መታጠቢያ ቤቱ በመሃል ስለዋለ መስኮት አልነበረውም፤ የኤሌክትሪክ ሥራውን የያዘው ሰው በኮርኒሱ ላይ አየር ማስወጫ ፋን ገጠመልኝ። ሲበራ ድምፁ ያምራል፤ እኛም ይሠራል ብለን ተቀመጥን። በሦስተኛው ክረምት ከፋኑ ዙሪያ ያለው ቺፑድ ሻይ የፈሰሰበት ይመስል ቀለሙን ቀየረ፤ ቀጥሎ እንደ ሆድ ተነፋ። አንድ ቀን መሰላል አቁሜ በእጅ ባትሪ ሳየው ፋኑ ወደ ውጭ የሚወስድ ቱቦ ፈጽሞ የለውም! የሻወሩን እንፋሎት በሙሉ ሦስት ዓመት ከኮርኒሱ በላይ ሲደፋው ኖሯል፤ እንፋሎቱም ሌሊት ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ውኃ እየሆነ መልሶ በቺፑዱ ላይ ይዘንብ ነበር። የጣሪያውም እንጨት በአንድ በኩል በስብሶ ነበርና ለጥገናው ያወጣሁት ከፋኑ ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ስለዚህ ፋን ካስገጠሙ ቱቦው ግድግዳውን ወይም ጣሪያውን አልፎ መውጣቱን በዓይንዎ ይዩ። ከዚያ በኋላም አንዲት ሉክ ሶፍት ወደ ፋኑ ያስጠጉ፤ ስቦ ካልያዛት ፋኑ የሚያስወጣው ድምፅ ብቻ ነው።

አራተኛ መልስ — ከአስፋልት ዳር

የተባለው ሁሉ ጥሩ ነው፤ ሁሉም ግን ውጭው ንጹሕ እንደሆነ አድርጎ ተናገረ። የእኔ ቤት ከዋናው መንገድ ዳር ነው፤ በበጋ በመንገዱ በኩል ያለውን መስኮት ስከፍት የሚገባው የባጃጅ ጭስና አቧራ ነው። እኔ ያንን በኩል ጠዋትና ማታ እዘጋለሁ፤ የጓሮውን እከፍታለሁ። ሐይቅ ዳር ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ለኛ ዓይነቱ ሰው አንድ ሕግ አይበቃውም።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ከቀትር በኋላ ዝናቡ ሲያባራ የዕጣኑን ሙከራ አደረግሁት። ሁሉ ተዘግቶ ሳለ በመኝታ ቤታችን ጭሱ እስከ ቁም ሳጥኑ አናት ወጥቶ እዚያው እንደ ነጠላ ተዘርግቶ ቆመ፤ ሩብ ሰዓት ጠብቄም አልተነቃነቀም። የሳሎኑን መስኮትና የመኝታ ቤቱን መስኮት አንድ ላይ ስከፍት ግን በሦስት ደቂቃ ውስጥ ጠፋ። ያስደነገጠኝ ቀጥሎ ያየሁት ነው። ሳሎናችን በሐይቁ በኩል፣ መኝታ ቤቶቹ በጀርባ በመሆናቸው፣ ማጨሻውን ቡና በምናፈላበት ቦታ ሳስቀምጠው ጭሱ በኮሪደሩ ቀጥ ብሎ ወደ ልጁ መኝታ ቤት ገባ። ለካ ከቀትር በኋላ የምናፈላው ቡና ከነከሰሉ የሚያድረው እርሱ ዘንድ ነው።

እናቴ አጠገቤ ቆማ ይህን በዓይኗ አይታለች። ብዙ አልተናገረችም፤ ዛሬ ግን ረከቦቱን ራሷ አንስታ በረንዳ ላይ አወጣችው። ምድጃውም ውጭ ያድራል። ጨቅላዋ ባለችበት ክፍል መስኮት እንዲከፈት የፈቀደችው ልጅቷ ለፀሐይ ስትወጣ ብቻ ነው፤ የሌሊቱን ገና አልተስማማንም።

የቀሩኝ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። ፋን የሚያስፈልገኝ የት የት ነው? ሻጋታውንስ ቀለም ብቀባበት ይበቃኛልን?

የመሐንዲሱ ሁለተኛ መልስ

እንዲህ ያለ ጥሩ ምርመራ ብዙ ባለሙያም አያደርግም። ቀለሙ ይቆይ። በሻጋታ ላይ የተቀባ ቀለም ከጥቂት ወራት በኋላ ተልጦ ይወርዳል። መጀመሪያ ግድግዳውን በሳሙናና በውኃ አጥበው፣ አፍዎንና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ ልጆቹ በሌሉበት ያጽዱት፤ በደንብ እንዲደርቅ እስከ ጥቅምት ይታገሡትና ከዚያ ይቀቡታል።

በአሜሪካ የሚሠራበት የመኖሪያ ቤት አየር መለኪያ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር በሰከንድ 0.15 ሊትር፣ በዚያ ላይ የመኝታ ክፍሎቹ ቁጥር አንድ ተጨምሮበት በ3.5 ሊትር ተባዝቶ እንዲደመር ይላል። ለእርስዎ ቤት 15 እና 14 ተደምሮ በሰከንድ 29 ሊትር ይመጣል። ይህን ያህል አየር ሁለት ተቃራኒ መስኮቶች በትንሹ ገርበብ ቢሉ ከሐይቁ ነፋስ ጋር በቀላሉ ያስገኙታል። በማሽን የምመክረው በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ አንዱ በሰከንድ 25 ሊትር የሚስብ የመታጠቢያ ቤት ፋን፣ ሻወር ካበቃ በኋላ ለሃያ ደቂቃ የሚሠራ፣ የዘንዘልማው ወንድማችን እንዳሉት ቱቦው ወደ ውጭ የወጣ፤ ሌላው እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ ቤት ውስጥ የምትጋግሩ ከሆነ ከምጣዱ በላይ፣ 50 ሊትር የሚስብ። ምጣዱ በሰርቪስ ቤት ከሆነ ሁለተኛው አያስፈልግዎትም፤ የወንድምዎን ገንዘብ ለወንፊት ያውሉት።

ለሌሊቱ ደግሞ እናትዎ ደስ የሚላቸው መፍትሔ አለ። የጨቅላዋ ክፍል መስኮት ተዘግቶ ይደር፤ በምትኩ ከበሩ በላይ አየር ማሳለፊያ ይከፈትና ኮሪደሩ ላይ ያለው መስኮት በወንፊት ገርበብ ብሎ ይደር። አየሩ ዞሮ ስለሚመጣ አልጋዋን አይመታትም።

ወንፊት ነፋሱን በሲሶ ወይም በግማሽ ስለሚቀንሰው መስኮቱን ከተለመደው ሰፋ አድርጎ መክፈት ያስፈልጋል። ሠራተኛው ሲመጣ ፍሬሙን በሲሊኮን እንዳይለጥፈው ይንገሩት፤ በብሎን ይሰር። በየወሩ ወልቆ ካልታጠበ በበጋው አቧራ ተደፍኖ ያው እንደተዘጋ መስኮት ይሆንብዎታል።